ሰማዩ ጥርት ብሎ ደቻቱ ሲመጣ በምን ታውቃላችሁ?

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ መልሱ ከሥሩ በቁጥር እየተደረደረ ረጅም ክር ሆነ። እጄ ገና ከጭቃ አልጸዳም ነበር። ሰፈሬ ድሬ ዳዋ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ዝቅ ብላ ደቻቱ ወንዝ ዳር የተለጠፈች ትንሽ ሰፈር ናት። ሠላሳ ቤት ብትሆን ነው። ዕድራችን አንድ ነው። አንዱ ጫፍ ቡና ሲጠራ ሌላው ጫፍ ይሰማል።

መነሻው ላይ ያሰፈርኩት ያየሁትን ነው። ነሐሴ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ። ወበቁ አያድርስ ነው። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ያሰጣሁት አንሶላ በግማሽ ሰዓት ደርቋል። ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሁለት ገልባጭ መኪኖች አሸዋ ይጭናሉ። ለማያውቅ ሰው ደቻቱ ወንዝ አይመስልም፤ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ከዚራን ከመጋላ የሚለይ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰውም ግመልም ያቋርጠዋል፤ ባጃጅም አይቀርም።

ድንገት ቀዝቃዛ ንፋስ መጣ። የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። እኔማ ደስ ብሎኝ ደረቴን ከፍቼ ተቀበልኩት። ወዲያው ከላይ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል መጀመሪያ የመጣው ውሃ አልነበረም፤ ቆሻሻ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የማሽላ አገዳ፣ ነጠላ ጫማ፣ የቁልቋል ግንድ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅልሎ እየተገላበጠ ይመጣል። ውሃው ከኋላ ነው፤ ቡናማና ወፍራም፣ ገንፎ የሚመስል። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከዳር እስከ ዳር ያዘው። ልጆቹ ወጡ። አንዱ መኪና ወጣ። የሌላው ጎማ ሰጥሞ ቀረ፤ ሹፌሩ ግን ዘሎ አመለጠ። ሦስት ቤት ውሃ ገባ። አንዱ የእኔ ነው። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። ፍራሼ፣ የዓመቱ በርበሬዬና ግማሽ ኩንታል ጤፌ ግን ሄደ።

ከዚያ ጠየቅሁ። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ወንዙ መምጣቱ በምን ይታወቃል? መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም እንዳላስጠነቀቀን በምሬት ጻፍኩ። ጣጣ ያመጣችብኝ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ቁጥር 1 እና 2 እንኳን ተረፋችሁ ያሉ ናቸው። አንደኛው በአማርኛ፣ ሁለተኛው በኦሮምኛ። እንዲህ ያለው መልስ ብዙ ነው፤ ከአሁን በኋላ አልቆጥረውም።

ቁጥር 3 አስተማሪ መሆን አለበት። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ያህል በእርጋታ አስረዳኝ። የድሬን ሰማይ ማየቴ ራሱ ስህተት እንደሆነ ነው የነገረኝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደቡብ በኩል ያለው የደንገጎ ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ርቀቱ ደግሞ በመኪና መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ የወረደ ዝናብ ማረፊያ የለውም። ዳገቱ ተራቁቷል፣ አለቱ አፍጥጧል፣ የሚይዘው ዛፍ ተመንጥሯል። ስለዚህ በየሸለቆው እየተሰበሰበ ቁልቁል ይንደረደራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ የላይኛው ዝናብ አባርቶ ሊሆንም ይችላል። ደቻቱ ከከተማው አልፎም ሩቅ አይሄድም፤ ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። ይህን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ፣ መታየት ያለበት ተራራው እንጂ ከአናት በላይ ያለው ሰማይ እንዳልሆነ በትሕትና ደገመልኝ።

ቁጥር 4 የባጃጅ ሹፌር ነው። የአስተማሪው ትንታኔ ጥሩ ቢሆንም ተራራውን ሲያይ የሚውል ሥራ ፈት የለም አለ። የእሱ ምልክት ፍየል ነው። አሸዋው ላይ ተኝተው የሚያመሰኩ ፍየሎች ያለ ጠባቂ ተነስተው ዳር ከያዙ እሱም አያቋርጥም። ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት ንፋስም ራሱ ወንዙ ገፍቶ ያመጣው አየር እንደሆነ ጨመረ። ይህን ሳነብ አፈርኩ።

ቁጥር 5 አሸዋ ጫኝ ነው። ስለ ድምፁ ጻፈ። ሰዎች እንደ ባቡር ይጮኻል ሲሉ እንደሚስቅ ነገረን፤ የዛሬ ልጅ የድሮውን ባቡር ድምፅ የት ያውቃል ባይ ነው። ለእሱ ድምፁ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ሲገለብጥ የሚሰማው ነው፤ ልዩነቱ መገልበጡ አለማብቃቱ ብቻ። ከጆሮ በፊት ደግሞ እግር ይሰማል። አካፋውን አሸዋ ላይ ተክሎ እጀታው ሲንቀጠቀጥ አውቆ እንደሮጠ ጻፈ።

ቁጥር 6 ሲመጣ ክሩ ጸጥ አለ። አንድ አባት ናቸው። ስለ 1998 ነው የጻፉት። ድሬ ውስጥ ዓመቱን መጥራት ይበቃል፤ ሰው የትኛው ጎርፍ ብሎ አይጠይቅም። ቅዳሜ ማታ እራት በልተው ተኙ። እሳቸው ሰፈር ያን ያህል ዝናብ አልነበረም። ሌሊት የበር መሰበር ድምፅ ሰሙ። መብራት የለም። የሰከሩ ጎረምሶች የተጣሉ መስሏቸው ሊቆጡ ሲነሱ፣ ከአልጋ ያወረዱት እግር ውሃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አሳጥረውታል። ጣሪያ ላይ አደሩ። ሲነጋ ከጎናቸው የነበሩት አራት ቤቶች የሉም፤ የቆሙበት መሠረት ድንጋይ እንኳን የለም፤ ንጹህ አሸዋ ብቻ። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የእህታቸው እንደነበር በአንድ መስመር ጠቅሰው አለፉ። እስከ ዛሬ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ የቤቱን ካርታና መታወቂያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ራስጌያቸው ላይ አስረው ነው የሚተኙት።

እኔ ብሆን ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ዝም እል ነበር። ቁጥር 7 ግን ቀን ሊያርም ገባ። ሐምሌ 30 ነው እንጂ 29 አይደለም አለ፤ አባትየው ቀን ሳይጠሩ! ቁጥር 8 ደግሞ 29 ነው ብሎ ተነሳ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ነው፣ ቅዳሜ ለእሁድ። ይህን ጻፍኩላቸው። አላቆሙም። ቁጥር 8 ጭራሽ ሟቾቹን በሺህ ቆጠረ። ያን ጊዜ ቁጥር 3 ተመልሶ መጣና፣ የተመዘገበው ከ250 በላይ መሆኑን፣ አስከሬናቸው ያልተገኘ ሰዎች እንደነበሩ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰውም ድንኳን እንደገባ አስታወሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። አገሩ የአንዱን እንባ ሳይጠርግ ማለት ነው። ሰው ሲያዝን ቁጥሩ እንደሚያብጥበት፣ ግን ማሳበጥ ሟቾቹን እንደማያከብር ነው የጻፈው። ጥሩ አባባል መሰለኝ።

ቁጥር 9 ሁላችንንም አስቆጣን። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ራሱ ነው የነገረን። ወንዝ አፍ ላይ ቤት ሠርቶ ወንዝ መጣብኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንደማይገባው ጻፈ። ለአባትየው እርስዎ ብሎ ጀመረና መጨረሻው ላይ አንተ ብሎ ቁጭ አለ።

ከ10 እስከ 15 ያለው በዚህ አለቀ። ሁሉንም አላወራም፤ ስድቡ ይብዛ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ቁጥር 10 ከወንዝ ራቅ ያለ ቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልመለሰም። ቁጥር 12 ቤቱ ከአባቱ ከእናቱ የመጣ መሆኑንና ያኔ ወንዙ ጠባብ እንደነበረ ተናገረ። ቁጥር 13 ደግሞ፣ አቦ፣ ቀፊራም ገበያው፣ አሸዋም ገበያው ደቻቱን ተጠግቶ እንደቆመ አስታወሰ፤ ወንዝ ዳር መቀመጥ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛዋ ከተማዋ ራሷ ናት። ባቡሩ በ1895 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ የተቆረቆረችው ወንዙን መሐል አድርጋ ነው። ቁጥር 9 በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ። ለአባትየው ብቻ ነው የጠየቀው። እሱም ይበቃል።

ቁጥር 16 ከሐረር ነው፤ ነገር ለማብረድ የገባ ይመስለኛል። እነሱ አምስት በር እንጂ ወንዝ እንደሌላቸው ቀለደ። ቀጥሎ ግን የዚያን ሐምሌ ነገር አነሳ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው በሐምሌ 1998 መጀመሪያ ነው። ደስታው ገና ትኩስ ሳለ የድሬ መርዶ ደረሰ። አባቱ ብርድ ልብስና ዳቦ በአይሱዙ ጭኖ በደንገጎ ሲወርድ እሱ ልጅ ሆኖ ጋቢና ውስጥ ነበር። ከላይ ሆኖ ከተማዋን ሲያይ መሐሏ ላይ ሰፊ ቡናማ ቁስል የተሰነጠቀ ይመስል ነበር አለ።

ልባችን ተነካ ስንል ቁጥር 17 የሐረር ሰው የሚጠጣው የእኛን ውሃ ነው ብሎ ጨዋታውን ቀየረው። እርግጥ ነው፤ የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር በውሃ ጥም ተቃጥላለች፤ በኋላ ከድሬ ዳዋ በኩል ከጉድጓድ እየተገፋ ሽቅብ ይወጣላታል። ቁጥር 3 ይቺን አላለፋትም። ጎርፍ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ፣ አሸዋ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ የከርሰ ምድሩን እንደሚሞላ፣ የሳቢያን ሰፈር የውሃ ጉድጓዶችም ይህንኑ የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚጠብቁ ጻፈ። ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ውሃ እንግዲህ ዘመዱ ማን እንደሆነ ታወቀ። ከዚያ አንዱ የሐረር ሙሸበክ ከድሬ ይበልጣል አለና ሁለት መልስ በጣፋጭ ጠፋ። ሌላው የድሬ ዳዋ ስም ሶማሊኛ ነው ወይስ ኦሮምኛ የሚለውን ከፈተ። ይህ ጥያቄ ሲከፈት እኔ ሻይ ላፈላ እነሳለሁ፤ ስመለስም አያልቅም፤ አላለቀምም።

ቁጥር 21 መሐንዲስ ነው፤ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ከ1998 በኋላ የተሠራውን የዳርቻ ግንብ አንስቶ ብዙ ሰው የተሳሳተ እምነት እንዳለው ጻፈ። ግንብ ውሃውን ይመራዋል እንጂ አያስቀረውም። ግንቡ በሚያልቅበት ወይም በተሰነጠቀበት ቦታ ውሃው ጉልበቱን ይዞ ይወጣል። የእኔ ሰፈር እንዲህ ያለ ጫፍ ላይ መሆን አለባት አለ፤ ሳያያት አወቃት። ሌላም አለ። ወንዙ በመጣ ቁጥር ደለል ይተዋል፤ ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ ሳይነካ ያጥራል። በመጨረሻ ለባጃጅ ሹፌሩ ምክር ሰጠ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ጭቃና ድንጋይ ሲጨመርበት ከዚያም ይብሳል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅን እንግዲህ እናንተ አስቡት።

ቁጥር 22 ጥፋቱን አሸዋ ጫኞች ላይ ጣለ፤ የግንቡን እግር እየቆፈሩ ያራቁቱታል አለ። ቁጥር 5 ተናዶ ተመለሰ። እነሱ ባያነሱት ወለሉ ዛሬ መንገድ ላይ ይደርስ እንደነበር፣ መሐንዲሱ ራሱ ደለል ያለው እነሱ የሚሸከሙትን እንደሆነ፣ የ22ም ቤት በደቻቱ አሸዋ እንደተሠራ አስታወሰው። መሐንዲሱ መሐል ገብቶ ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ፈረደ፤ ከወንዙ መሐል ማውጣት ይጠቅማል፣ ከግንቡ ሥር መቆፈር ይጎዳል። ማንም አላመሰገነውም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ቁጥር 26። የጻፈችው ጎረቤቴ ናት፤ ስሟን ባትጽፍም አጻጻፏን አውቀዋለሁ። ማንም አላስጠነቀቀንም ያልኩት ልክ እንዳልሆነ፣ አስጠንቃቂ እንደነበረ አስታወሰችኝ። ከተራራው ወተት ይዘው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ከእነሱ አንዷን እኛ አዴ ነው የምንላት። አዴ ዘወትር እስከ ዐሥር ሰዓት ትቆያለች። ያን ቀን ግን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ግማሽ ጄሪካን ወተት እንደያዘች መሸጫዋን አጠፈች። በየበሩ እያለፈች በቅናሽ ሰጠች። እኔም በር ደርሳለች።

ትዝ አለኝ። ደርሳለች። በአገጯ ወደ ተራራው እያሳየች ሮባ አለችኝ። ሮባ ዝናብ ማለት እንደሆነ ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ለወሬ ያህል ያለችው መስሎኝ አሜን፣ ይጣልልን አልኳት። ሁለት ሊትር በአንዱ ዋጋ ገዝቼ ረክሶ አገኘሁ ብዬ ገባሁ። ያ ወተት ከፍራሹ ጋር ነው የሄደው።

ይህንን ቁጥር 27 አድርጌ ጻፍኩ። ማንም ነገሬ እንዳይለኝ ሌሊት ላይ ነው የጻፍኩት። ጠዋት ስነሳ ብዙ ሰው የራሱን ጨምሯል። አንዱ የእንጨት ተሸካሚዎቹ ቶሎ ሲመለሱ አይቶ ቡናውን እንደቀጠለ፣ ሌላዋ ጫት ይዘው የሚወርዱ ሰዎች በጠዋት በስልክ ሲጯጯሁ ሰምታ ስለ ዋጋ መስሏት እንደነበር ጻፉ። ለካ ተራራው ሁልጊዜ ይነግረናል፤ እኛ የምንሰማው ዋጋውን ብቻ ነው። ቁጥር 30 ሳይሳደብ የወጋኝ እሱ ብቻ ነው፤ ኦሮምኛ የማታውቂ ብትሆኚ ይገባኝ ነበር አለኝ።

ቁጥር 31 ደንገጎ ላይ ሻይ ቤት ያለው ሰው ነው። ከሐረር ስንመለስ ቆመን ሻይ ከምንጠጣባቸው አንዱ ይሆናል። ዝናብ ሲይዛቸው እዚሁ ክር ላይ አንድ መስመር ሊጽፍ ቃል ገባ። ሁለት ሰዎች ጎርፉ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል በሚል ተከራከሩ። ቁጥር 34 መብራት ሲጠፋ፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ ምን ልትሆኑ ነው ብሎ አሾፈ። ልክ ነው እኮ። ስለዚህ ዕድራችን ውስጥ ተነጋገርን። ሌሊት ወሬው የደረሰው ሰው ድስት ክዳን ይዞ ይወጣል፣ ይመታል። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ያለው ካለ እንቀበላለን።

ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ክሩ ሞቶ ነበር። ከዚያ ቁጥር 38 መጣ። ከደንገጎ ነው፤ ሦስት ቃል ብቻ። ኃይለኛ ዝናብ ጀመረ። እኔ ጋ ፀሐይ ነው፣ በርበሬ አስጥቻለሁ፤ አዲሱን በርበሬ። ተነሳሁ። መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ በርበሬውን። ጎረቤቴ ክዳኗን ይዛ ወጣች፤ በጠራራ ፀሐይ ድስት ስትመታ ያላወቃት ሰው ሳቀባት። ገልባጮቹ ወጡ። ፍየሎቹን ፈለግኋቸው፤ ዳር ይዘው ቆመዋል።

ደቻቱ መጣ። ቁርጭምጭሚት አልሞላም። ቆሻሻውን አምጥቶ፣ መሐል ለመሐል እንደ ቦይ ፈሶ፣ ማታ ላይ ጠፋ።

ቁጥር 39 በባዶ ሜዳ አስደነገጣችሁን ብሎ ጮኸ፤ ሥራ ፈትቶ ባጃጁን ሁለት ሰዓት ማቆሙን አሰላ። ቁጥር 6፣ አባትየው፣ ከዚያ ሌሊት ጽሑፋቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሰው የደንገጎውን ሰው አመሰገኑ፤ የሻዩን ዋጋ ሲወጡ እንደሚከፍሉትም ጻፉ። ቁጥር 41 አሸዋ ጫኙ ነው። ነገ ጠዋት ደርቆ መኪና ይገባ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ጠየቀ።